ጠርሙሱ በጠጠር ፋንታ ይግባ ወይስ በሲሚንቶ ፋንታ?

ለመኪና ማቆሚያ ወይም ለእግር መንገድ ውሃ አሳላፊ ኮንክሪት ሊያስነጥፉ ያሰቡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፤ ያገለገለ ጠርሙስ ቢገባበት ዋጋው ይቀንሳል ወይ? መልሱ ጠርሙሱ የምንን ቦታ እንደሚይዝ ይወሰናል። በአንድ ስም የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ተሰባብሮ ጠጠሩን ይተካል፤ ሌላው እንደ ዱቄት ልሞ ከሲሚንቶው ላይ ጥቂቱን ይተካል። እኔ ያለማመንታት ዱቄቱን እመርጣለሁ።

ሂሳቡን ከሲሚንቶ ጀምሩ። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 300 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይገባል እንበል። ጠጠሩ የዚህን አራት ወይም አምስት እጥፍ ይመዝናል፤ ገንዘቡን የሚበላው ግን ሲሚንቶው ነው። ከሲሚንቶው 20 በመቶው በመስታወት ዱቄት ቢተካ በየሜትር ኩቡ 60 ኪሎ ይተርፋል። 100 ካሬ ሜትር ቦታ በ15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሲነጠፍ 15 ሜትር ኩብ ይወጣዋል፤ ስለዚህ የሚተርፈው 900 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 18 ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ስብርባሪውን የሚገዛ ሰው ግን ለመልቀም፣ ለማጠብ፣ ለመስበርና ለመንፋት ከፍሎ የሚተካው ከቅይጡ ሁሉ ርካሹን ነገር፣ ጠጠርን ነው። ይህ ትርፍ የሚያስገኘው ጠጠር ከሩቅ በሚጫንበት ቦታ ብቻ ነው።

ዱቄቱም ቢሆን ወሰን አለው። ማስፈጨት ኃይል ይፈጃል፤ አንድ ኪሎው ከነማጓጓዣው ከሲሚንቶ ካልረከሰ ለቁጠባ ብሎ መግዛት ትርጉም የለውም። ደግሞም ጥንካሬው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሻጩን የ28 ቀኑን ብቻ ሳይሆን የ56 ወይም የ90 ቀኑን ውጤት ጠይቁት። መኪና ቶሎ ማስገባት የግድ ከሆነ የመጠበቂያው ጊዜም ወጪ ነውና አስቡት።

ስብርባሪውን የምፈራበት ዋናው ምክንያት ጥገና ነው። በሲሚንቶ ውስጥ ያለው አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ንጥረ ነገር) ከመስታወቱ ሲሊካ (መስታወት በዋናነት የሚሠራበት ማዕድን) ጋር ተዋህዶ ውሃ እየጠጣ የሚያብጥ ዝልግልግ ነገር ይፈጥራል፤ እብጠቱም ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። ይህ ኮንክሪት ደግሞ የተሠራው ውሃ እንዲያልፍበት ነው። በዚያ ላይ መስታወት ልሙጥ ነው። መፈርፈር ከጀመረ ንጣፍ ላይ የተነቀለ ጠጠር አንሥታችሁ ብታዩ የሲሚንቶ ቅርፊት ተጣብቆበት ታገኙታላችሁ፤ መስታወቱ ግን እንደታጠበ ሆኖ ይወጣል፣ ጠርዙም ስለታም ነው። የፈረፈረውን ቦታ ከላይ ለስኖ መሸፈን አይቻልም፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። እስከ ታች ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ የመቁረጫው ጭቃ ወዲያው ካልተመጠጠ ደግሞ ደህናውን ንጣፍ ጭምር ይደፍነዋል። በጠጠሩ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ አንድ እንዲህ ያለ ጥገና ሳይጨርሰው አይቀርም።

ስብርባሪ የሚሸጥላችሁ ሰው የአልካሊ ሙከራ ውጤት ይኑረው። የተለመደው ፈጣን ሙከራ ናሙናውን 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ውስጥ 14 ቀን አቆይቶ መለካት ነው፤ ርዝመቱ ከ0.10 በመቶ በታች ከጨመረ አያሰጋም፣ ከ0.20 በመቶ በላይ ከሆነ ግን አትግዙ።

ዱቄት ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ደግሞ ዱቄት አይደለም። በጣት ሲታሽ የሚቆረቁር ከሆነ አሸዋ ነው፤ አሸዋ ደግሞ ቀዳዳውን ከመድፈን በቀር የሲሚንቶን ሥራ አይሠራም። ከ75 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) ወንፊት በታች የሚያልፍ መሆኑን በውሃ እያጠቡ ነፍቶ ማረጋገጥ ቀላል ነው። ለዚህ ዱቄት ኤኤስቲኤም (ደረጃ አውጪው የአሜሪካ ድርጅት) ያወጣው ሲ 1866 የሚባል መለኪያ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ሻጩ ስሙን እንኳ ካልሰማ እለፉት። ያልታጠበ የለስላሳ ጠርሙስም ችግር ነው፤ የስኳር ቅሪት የሲሚንቶውን መጠንከር ያዘገያል። የአሉሚኒየም ክዳን ከገባበት ከአልካሊው ጋር ሲገናኝ ጋዝ ያወጣል። እርሳስ ያለበት የድሮ ቴሌቪዥን መስታወት ከናካቴው አይግባ።

አንዳንዶች ሲሚንቶውን ሳይቀንሱ ዱቄቱን ይጨምሩበታል። ይህ ወጪውን ከፍ አድርጎ ውሃ ማሳለፊያውን ያጠባል። ከ15 እስከ 25 በመቶ ክፍት ቦታ መኖር አለበት፤ ያ ከጠፋ ተራ ኮንክሪት ማንጠፍ ይሻል ነበር። ተክቶ መግባት ብቻ ነው ያለበት፤ መስታወት ከሲሚንቶ ስለሚቀል እኩል ክብደቱ ሰፋ ያለ ቦታ እንደሚይዝም የሚቀይጠው ባለሙያ አስቀድሞ ይወቅ።

ስብርባሪ በርካሽ ያገኘ ሰው ከንጣፉ ሥር ውሃ የሚጠራቀምበት የጠጠር አልጋ ላይ ያድርገው። እዚያ ሲሚንቶ ስለማይቀላቀልበት የእብጠቱ ጣጣ አያሳስብም፤ የአጠባው ወጪም ይቀንሳል።