«ላይትሩም ለዕድሜ ልክ» የሚባለውን አትግዙ

ላፕቶፕ ስትገዙ ወይም ፎርማት ስታስደርጉ «አንዴ ብቻ ክፈሉ፣ ላይትሩም (የፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ ፕሮግራም) ለዕድሜ ልክ እንጭንላችኋለን» የሚል ካጋጠማችሁ ብራችሁን አታውጡ። እንዲህ ያለ ዕቃ ገበያ ላይ የለም። ሠሪው ኩባንያ አዶቤ ላይትሩምን አንዴ ተከፍሎበት እንዲቀር አድርጎ የሸጠው እስከ ስድስተኛው ቅጂ ድረስ ነው። ስድስተኛው በ2015 ወጣ፣ የመጨረሻ ማሻሻያው 6.14 በ2017 መጨረሻ ላይ መጣ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች ናቸው)። ከቅጂ 7 ጀምሮ «ላይትሩም ክላሲክ» የተባለው በሙሉ የሚሠራው በደንበኝነት ክፍያ ብቻ ነው። «ሄልፕ» ከሚለው ሜኑ ውስጥ «ሲስተም ኢንፎ»ን ክፈቱ። ቁጥሩ 7 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ለአዶቤ የምትከፍሉት ነገር ከሌለ፣ የተሸጠላችሁ ወይ ክራክ ነው (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ) ወይ የሌላ ሰው አካውንት።

የሌላ ሰው አካውንት ከሆነ ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ የግል አካውንት የሚሠራው በሁለት ኮምፒውተር ላይ ነው። ሻጩ ያንኑ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ለአሥር ሰው ሲሸጠው፣ አንዱ በገባ ቁጥር ሌላው ይወጣል፤ አልበም ለነገ በተቀጠረበት ሌሊትም ቢሆን። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሲንክ ነው። ወደ ክላውድ የላካችሁት የደንበኛ ፎቶ ያን የይለፍ ቃል የያዘ ሰው ሁሉ ይከፍተዋል። ሰው የሠርጉን ፎቶ የሰጠው ለእናንተ ነው እንጂ ለማታውቋቸው ዘጠኝ ሰዎች አይደለም።

እውነተኛው ስድስተኛ ቅጂም ቢሆን ዛሬ የሚገዛ አይደለም። ከ2017 በኋላ የወጡ ካሜራዎችን ሮው ፋይል (ካሜራው የሚያስቀምጠውን ያልተቀነባበረ ጥሬ ፎቶ) አያውቅም። የካኖን ኢኦኤስ አር እና የኒኮን ዜድ 6 ሁለቱም የ2018 ስለሆኑ ፎቷቸውን አይከፍትም፤ በአዶቤ ነፃ መቀየሪያ አስቀድሞ ዲኤንጂ ወደሚባለው የአዶቤ የሮው ፋይል ዓይነት መለወጥ የግድ ይላል። ፎቶው የተነሣበትን ቦታ የሚያሳየው የካርታ ክፍልም ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ አይሠራም።

ክራኩ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱን ለመረዳት የላይትሩምን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ፎቶ «ኢምፖርት» ስታደርጉ ፎቶው ፕሮግራሙ ውስጥ አይገባም፤ ፎልደሩ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። ብርሃኑን ስታስተካክሉ፣ ኮከብ ስትሰጡ፣ ቁልፍ ቃል ስትጽፉ ዋናው ፎቶ አይነካም። ያ ሁሉ ሥራ የሚጻፈው ካታሎግ በሚባል፣ ቅጥያው ኤልአርካት በሆነ አንድ ፋይል ላይ ነው። ያለፉት ዓመታት ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምረቃ ኤዲቱ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ሮው ፋይሎቹ ደህና ሆነው ካታሎጉ ቢጠፋ፣ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ካሜራው እንዳነሣው ያለ ጥሬ ፎቶ ነው።

ካታሎጉ ደግሞ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይመለስም። አዲስ ዋና ቅጂ ሲጫን ካታሎጉ ወደ አዲሱ ይቀየራል፣ ከዚያ በኋላ አሮጌው ቅጂ አይከፍተውም። ስለዚህ አዲሱ ክራክ ከጥቂት ወራት በኋላ አልነሣም ሲልና የድሮውን መልሳችሁ ስትጭኑ፣ በመካከል የሠራችሁት ኤዲት ተቆልፎ ይቀራል። የጫነላችሁ ሰው ያኔ ስልክ ያነሣ ይሆን? ዋስትና የሰጠ ሰው የለም።

ክራክ ሲጫን መጀመሪያ የሚደረገው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው። ጄቩ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዋናነት የተሠራጨው በዚሁ በክራክ መንገድ ነው። የእያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ ክፍል ይቆልፋል፣ ከስሙ በኋላ የራሱን ቅጥያ ይለጥፋል፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ይተዋል። በዚያ ሰዓት የተሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ካለ እሱም አብሮ ይሄዳል። አሁኑኑ ማየት የምትችሉት ነገር አለ፦ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ፣ የቫይረስ መከላከያው ማስተካከያ ታች «ኤክስክሉዥንስ» የሚል ዝርዝር አለ። እናንተ ያላስገባችሁት ፎልደር፣ ይባስ ብሎ ሙሉው ሲ ድራይቭ እዚያ ከተጻፈ፣ መከላከያችሁ ያንን ቦታ አይፈትሽም ማለት ነው።

በሕጋዊ መንገድ የምትገዙም፣ በተለይ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ በካርዱ የሚከፍልላችሁ፣ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። «ዓመታዊ፣ በየወሩ የሚከፈል» የሚለው ውል ወርኃዊ አይደለም፤ የዓመት ግዴታ ነው። ከ14 ቀን በኋላ ብታቋርጡ የቀሩትን ወራት ክፍያ ግማሽ ያስከፍላል። በወር 19.99 ዶላር ሆኖ 8 ወር ከቀረ፣ ለመውጣት ብቻ 80 ዶላር ገደማ ማለት ነው። የአሜሪካ መንግሥት አዶቤን በሰኔ 2024 የከሰሰው ይህንኑ የማቋረጫ ቅጣት ለገዢው በግልጽ አላሳየም ብሎ ነው። ክፍያው ሲቆም ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ፎቶ ማየት፣ መፈለግና «ኤክስፖርት» ማድረግ ይቻላል። ኤዲት የሚደረግበት «ዴቬሎፕ» እና የካርታው ክፍል ግን ይዘጋሉ።

በዶላር መክፈል ለማይሆንላችሁ፣ ያለ ክራክ በነፃ የሚገኙ ጥሩ ፕሮግራሞች አሉ። ለማደራጀት ዲጂካም፣ ሮው ኤዲት ለማድረግ ዳርክቴብል፣ ኒኮን ለያዘ ኤንኤክስ ስቱዲዮ፣ ካኖን ለያዘ ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል። ዳርክቴብል ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፣ ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ኤዲቱን ከራሱ ዳታቤዝ ሌላ በእያንዳንዱ ፎቶ ጎን በትንሽ የኤክስኤምፒ ፋይል ይጽፋል፤ ፎልደሩን ስትገለብጡ ኤዲቱም አብሮ ይሄዳል። ላይትሩም ይህን የሚያደርገው ስታዙት ብቻ ነው።

ክራኩ አስቀድሞ ማሽናችሁ ላይ ካለ፣ ለማጥፋት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሥራችሁን አውጡ፤ ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ኢንተርኔቱን አጥፉና ላይትሩምን ክፈቱ። «ኮሌክሽን» (ፎቶዎችን በቡድን የሰበሰባችሁበት ዝርዝር) ወደ ኤክስኤምፒ አይጻፍም፤ ባንዲራ የሰጣችኋቸው ምርጫዎችም እንደ ቅጂው ላይጻፉ ይችላሉ። ስለዚህ በባንዲራ አጣሩና ለሁሉም «የተመረጠ» የሚል ቁልፍ ቃል ስጡ፤ ለእያንዳንዱ ኮሌክሽንም እንዲሁ የራሱን ስም። አጻጻፋችሁ አንድ ይሁን፦ ፍለጋው ፊደሉን እንዳለ ስለሚያይ «ሠርግ» ብላችሁ የጻፋችሁትን «ሰርግ» ብላችሁ ብትፈልጉት አይመጣም።

ከዚያ ማጣሪያውን አንሡና «ኦል ፎቶግራፍስ» ላይ ሁኑ፣ ፎቶዎቹን በትንንሹ ተደርድረው እያያችሁ ኮንትሮልና ኤ፣ ቀጥሎ ኮንትሮልና ኤስ ተጫኑ። ለሮው ፎቶዎች በጎናቸው የኤክስኤምፒ ፋይል ይፈጠራል፤ በጄፔግና በዲኤንጂ ግን ፎቶው ውስጥ ይጻፋል። ብዙ ሺህ ፎቶ ካለ ይቆያል፣ ሳያልቅ አትዝጉ። አንድ ፎልደር ከፍታችሁ፣ ለምሳሌ ዲኤስሲ 0001 ከሚባል ሮው ፎቶ ጎን ተመሳሳይ ስም ያለው የኤክስኤምፒ ፋይል መቀመጡን በዓይናችሁ እዩ።

ኮከቡንና ቁልፍ ቃሉን ሌሎች ፕሮግራሞች ያነቡታል። የብርሃንና የቀለም ኤዲቱን ግን በትክክል የሚረዳው የአዶቤ ፕሮግራም ነው፤ «ቨርቿል ኮፒ»ም (ለአንድ ፎቶ የተሠራ ተጨማሪ ኤዲት) ወደ ኤክስኤምፒ አይገባም። ለደንበኛ የተሰጡ ወይም ገና የሚሰጡ አልበሞችን ስለዚህ በሙሉ መጠን ወደ ጄፔግ ኤክስፖርት አድርጉ። ከዚያ ላይትሩምን ዝጉ፣ ካታሎጉን ጨምራችሁ ሁሉንም ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገልብጡና ዲስኩን ንቀሉት። ከፎቶ፣ ከኤክስኤምፒና ከካታሎጉ በቀር ከዚያ ማሽን ምንም አትገልብጡ፣ የፕሮግራም መጫኛ ፋይል በተለይ።

ቀጥሎ ዊንዶውሱን ዲስኩን ፎርማት አድርጋችሁ ከማይክሮሶፍት በወረደ ፋይል እንደ አዲስ ጫኑ። የኢሜይል፣ የባንክና የማኅበራዊ ሚዲያ የይለፍ ቃላችሁን በዚያ ኮምፒውተር ሳይሆን በስልካችሁ ቀይሩ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ «ዲቫይስስ» ውስጥ ግቡና ከያዛችሁት ስልክ በቀር የቀሩትን በሙሉ አስወጡ፤ ክራክ ይዞት የሚገባ ሰላይ ፕሮግራም ክፍት የቴሌግራም አካውንትን ያለ ይለፍ ቃል መውሰድ ይችላል።