ለጠባብ ግቢ የትኛው ዛፍ? ሎሚ፣ ሮማን ወይስ ዘይቱና

ችግኝ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ቁመቱን ነው። ጠባብ ግቢ ውስጥ ጣጣ የሚያመጣው ግን የጎን ስፋቱ ነው። ቁመት በመቀስ ይታረማል፤ ወደ ጎን የተንሰራፋ ዛፍ መተላለፊያ ይዘጋል፣ መስኮት ያጨልማል፣ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ያስቆጣል። ስለዚህ ከችግኙ በፊት ቦታው ይለካ። ዛፉ ከግድግዳ ወይም ከአጥር የሚርቀው ካደገ በኋላ በሚኖረው ስፋት ግማሽ ነው፤ ይህም ትንሹ ልክ ነው። 4 ሜትር የሚሰፋ ዛፍ ከግድግዳ በ2 ሜትር፣ ቢቻል በ3 ሜትር ይራቅ።

ሎሚ ቅጠሉን ስለማያራግፍ ዓመቱን ሙሉ ጥላ ይሰጣል። ካልተገረዘ ከ3 እስከ 6 ሜትር ያድጋል። የተዳቀለው፣ ማለትም በሌላ ችግኝ ሥር ላይ የተቀጠለው፣ በ2 ወይም በ3 ዓመት ማፍራት ይጀምራል፤ ከዘር የበቀለው 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ያስጠብቃል። እሾሁ ይወጋልና ልጆች ከሚሮጡበትና ከበር አጠገብ አይሆንም። ከባድ ውርጭም አይችልም። ሎሚን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ጥማት ሳይሆን የተኛ ውሃ ነው፤ የግንዱ አንገት እርጥብ ሆኖ ሲከርም ቅርፊቱ ይበሰብሳል፣ ሙጫ ያወጣል፣ ቅጠሉም ይገረጣል። የተዳቀለበት መጋጠሚያ ከአፈር በላይ መታየት አለበት የሚባለውም ለዚህ ነው። ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣ ቡቃያ ገና ለጋ ሳለ ይነጭ፤ ከተተወ የተገዛውን ሎሚ ውጦ ሌላ ዛፍ ይሆናል።

ሮማን ለጠባብ ቦታ ከሦስቱ የተሻለው ነው። ከ3 እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፣ መገረዝን ይችላል፣ ሥር ከያዘ በኋላ ድርቅን ይታገሳል። ቀዝቃዛ ወቅት ባለበት አገር ቅጠሉን ያራግፋል፤ ይህ በብርድ ወራት ፀሐይ ቤት እንዲገባ ለሚፈልግ ጥቅም ነው። ሥራ የሚያበዛው ከታች ደጋግሞ የሚያቆጠቁጠው ቡቃያ ነው፤ አንድ ግንድ ወይም ሦስት ተመርጦ ሌላው በየጊዜው ካልተቆረጠ ቁጥቋጦ ይሆናል። ፍሬው ከተሰነጠቀ ደግሞ ችግሩ ያለው አጠጣጡ ላይ ነው፤ ደርቆ ከርሞ በአንዴ ብዙ ውሃ ሲያገኝ ውስጡ ያብጥና ልጣጩ አይችለውም። ጥላ ሥር ያብባል፣ ግን ብዙም አያፈራም።

ዘይቱና ፈጥኖ ያድጋል፤ በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያፈራ ቢገረዝም ምርት አይከለክልም። ሳይገረዝ 8 ሜትር ሊደርስ ይችላል። የበሰለ ፍሬው ግን ይረግፋል፣ ይሸታል፣ የፍራፍሬ ዝንብ ይጠራል። በየቀኑ የሚለቅም ሰው ከሌለ፣ ወይም ያለው ቦታ መኪና ማቆሚያ አጠገብ ከሆነ፣ ባይገዛ ይሻላል።

አቮካዶ ከ10 ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፣ ጥላውም ድፍን ነው፤ ለጠባብ ግቢ አይሆንም። ሳሎን ውስጥ በማሰሮ የሚያምረው ፊከስም መሬት ሲነካ ሌላ ፍጥረት ነው፤ ሥሩ ንጣፍ ያነሳል።

ሥር ደህና የሆነን ቱቦ አይበሳም። የሚገባው ቀድሞ በሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ነው፤ አሮጌ ቱቦ ባለበት መስመር ላይ ግን አለመትከሉ ይቀላል። መረሬ አፈር ላይ የበለጠ ይራቅ፤ ሥር እርጥበቱን ሲመጥ አፈሩ ይሰበሰብና መሠረት ሊሰነጥቅ ይችላል። ቦታው ውሃ ማስረጉን ለማወቅ 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ በውሃ ይሞላ፤ ሲሰርግ እንደገና ተሞልቶ ይለካ። በሰዓት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከወረደ ለሎሚ አይሆንም፣ አለዚያ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተከል።

ሲገዙ ችግኙን ከፖቱ አውጥተው ይዩ። ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ የፖቱን ቅርፅ ከያዘ ይተዉት፤ ያ ጥምጥም ከዓመታት በኋላ ግንዱን ያንቃል። ረጅምና ቀጭን ከሆነው ይልቅ አጠር ብሎ ግንዱ የወፈረው ቶሎ ይይዛል። ጉድጓዱ የሥሩን አፈር 2 ወይም 3 እጥፍ ይስፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከዚያው ከአፈሩ ቁመት አይለፍ፤ ጠልቆ የተተከለ ዛፍ ሳይሞት ሳያድግ ዓመታት ይቆያል። ጉድጓዱን ኮምፖስት ብቻ መሙላትም ስህተት ነው፤ ኮምፖስቱ ሲበሰብስ ችግኙ ይሰምጣል። የወጣው አፈር ይመለስ፣ ኮምፖስቱ ከላይ ይበተን፤ በላዩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ይልበስ፣ ከግንዱ ግን አንድ እጅ ያህል ይራቅ። የድጋፍ እንጨት ካስፈለገ ላላ ብሎ ይታሰርና በዓመቱ ይነሳ፤ የተረሳ ገመድ ቅርፊቱን ይቆርጣል።