ሰፍነግ፣ ሉፋ ወይስ ተራ ስፖንጅ? ለጅማ ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ጅማ ከባሕር የራቀች ከተማ በመሆኗ፣ «የባሕር ስፖንጅ» እየተባለ የሚሸጠውን የገላ መታጠቢያ የምናውቀው ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ በሂርማታ ገበያም ሆነ በመደብር የሚገዛ ሰው፣ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት በእጁ የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ቢለይ ይጠቀማል።

በአማርኛው ወንጌል «ሰፍነግ» የተባለው እውነተኛው የባሕር ስፖንጅ ተክል ሳይሆን እንስሳ ነው፤ የምንገዛውም ሥጋው ታጥቦ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን፣ ስፖንጂን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራውን አጽሙን ነው። ሉፋ ግን ከዱባ ወገን የሆነ ተክል የደረቀ ፍሬ ሲሆን፣ ተራው ስፖንጅ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ሰፍነግ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ውኃ ሲነካው ደግሞ ወዲያው ይለሰልሳል። ጥርጣሬ ካለ አንዲት ክር መዝዞ ከቤት ውጭ በጥንቃቄ ማቃጠል ነው፤ ሰፍነግ እንደ ተቃጠለ ጸጉር፣ ሉፋ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ፕላስቲኩ ግን ቀልጦ ይንጠባጠባል።

ከሰፍነግ ዓይነቶች መካከል ስፖንጂያ ኦፊሲናሊስ ቀዳዳዎቹ ደቃቅ ስለሆኑ ለፊትና ለሕፃናት ገላ እመርጠዋለሁ። ሂፖስፖንጂያ ኮሙኒስ የማር እንጀራ የሚመስሉ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ስላሉት ብዙ አረፋ ይሰጣል፣ ለአዋቂ ገላም ይስማማል። ሁለቱም የሜዲትራኒያን ባሕር ዝርያዎች ናቸው። ተረከዝ ለመፈተግ ሉፋ ይሻላል፤ ለዕቃ ማጠቢያ ርካሹ ስፖንጅ ይበቃል።

ወደ ሞቃታማ ጠረፍ የሚጓዝ ሰው ሰፍነግ ለቅሞ ማምጣት ርካሽ አማራጭ ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን አጥብቄ አልመክረውም። ብዙዎቹ ዝርያዎች በአጽማቸው ውስጥ ቆዳ የሚወጉ፣ እንደ መስታወት ያሉ ጥቃቅን መርፌዎች አሏቸው፤ በካሪቢያን የሚገኘው ብርቱካናማ ቀይ ቴዳኒያ ኢግኒስ ደግሞ ሲነኩት ቆዳን ያሳክካል፣ ያቃጥላል። የአንድ ሰፍነግ ቅርጽና ቀለም እንደ ውኃው ፍሰትና እንደ ጥልቀቱ ስለሚለዋወጥ፣ ባለሙያዎችም ዝርያውን የሚለዩት መርፌዎቹንና ቃጫዎቹን በማይክሮስኮፕ መርምረው ነው። በመሆኑም ሻጩ በመልኩ ብቻ ለሚጠራው የዝርያ ስም ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ነጣ ያለው ሰፍነግ ዓይን ቢስብም፣ በኬሚካል መንጣት ቃጫውን ስለሚያዳክም ቡናማው ይበልጥ ይበረክታል። ከተገዛም በኋላ መቀቀል የለበትም፤ ይኮማተራል፣ ይጠነክራልም። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር ከተጠቀሙበት በኋላ ጨምቆ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ መስቀል ከሻጋታ ያድነዋል።