ለቪዲዮ ካሜራ በቤት የሚሠራ የሌንስ አዳፕተር፦ የቆመ፣ የሚሽከረከር ወይስ የሚንቀጠቀጥ መስታወት?

ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) «አንድ ሦስተኛ ኢንች» በሚባል ቪዲዮ ካሜራ ሰውየው ጠርቶ ከኋላው ያለው የደበዘዘበት ምስል ማግኘት አስቸጋሪ የሚሆነው፣ የሴንሰሩ ስፋት 4.8 በ3.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ነው። አዳፕተሩ ይህንን የሚያልፈው፣ የፎቶ ካሜራ ሌንስ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ምስሉን በደብዛዛ መስታወት ላይ እንዲጥል በማድረግና ቪዲዮ ካሜራው በክሎዝ አፕ (ከቅርብ ለመቅረጽ በሚያስችል) ሌንስ አማካይነት ያንን መስታወት እንዲቀርጽ በማድረግ ነው። ቱቦው፣ ሌንሱና ክሎዝ አፑ በሁሉም ዓይነት ተመሳሳይ በመሆናቸው ምርጫው በመሠረቱ የመስታወቱ ምርጫ ነው።

መስታወቱ የማይንቀሳቀስበት አዳፕተር ርካሽና ድምፅ አልባ ነው፤ ባትሪም አይፈልግም። ጉድለቱ የመስታወቱ ቅንጣቶች በምስሉ ላይ መታየታቸው ሲሆን፣ ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ እየተንቀሳቀሰ ቅንጣቶቹ ባሉበት ስለሚቀሩ ተመልካቹ በቆሸሸ መስኮት የሚያይ ይመስለዋል። አፐርቸሩ (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) ከኤፍ 4 በላይ ሲጠብ፣ በተለይም ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ሲቀረጽ፣ ጉድለቱ ጎልቶ ይወጣል። በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ከተፈገፈገ መስታወት ይልቅ በሁለት መስታወቶች መካከል የፈሰሰ ስስ ሰም ቅንጣቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ይሁንና አረፋ ሳይገባበት ማፍሰሱ ትዕግሥት ይጠይቃል።

የሚሽከረከረው ዓይነት ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በባዶ ሲዲዎች ማሸጊያ ላይ ከሚገኘው ብርሃን አስተላላፊ ዲስክ ነው። በበቂ ፍጥነት ሲሽከረከር ቅንጣቱ ፈጽሞ ይጠፋል፤ አፐርቸሩ ቢጠብም ምስሉ ንጹሕ ይሆናል። ነገር ግን ዲስኩ ጥቂት እንኳ ከተወዛወዘ ፎከሱ ይዋዥቃል፤ የሞተሩ ድምፅ በካሜራው ማይክሮፎን ይገባል፤ የዲስኩ ስፋት 120 ሚሊ ሜትር ስለሆነም ሳጥኑ ግዙፍ ይሆናል። ድምፅን ለብቻው የሚቀዳና ካሜራውን በትራይፖድ ላይ የሚያቆም ሰው ካልሆነ በቀር ይህንን አልመክርም።

ሦስተኛው በሞባይል ስልክ ውስጥ ያለውን የንዝረት ሞተር ይጠቀማል። መስታወቱ በላስቲክ ወይም በስፕሪንግ ተንጠልጥሎ በራሱ ወለል ላይ ብቻ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳይል፣ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል። የሰም መስታወት ከተገጠመለት ከሦስቱ የተሻለው ይህ ይመስለኛል፤ አነስተኛና ቀላል ነው፣ ሞተሩ ቢቆም እንኳ ቀረጻው ሙሉ በሙሉ አይበላሽም። ተሠርተው ከተሸጡት መካከል ሬድሮክ ኤም 2 የሚሽከረከረውን፣ ሌተስ 35 ደግሞ የሚንቀጠቀጠውን መንገድ መርጠዋል።

ሁሉም ብርሃን ይቀንሳሉ፤ በቤት የተሠራው ብዙውን ጊዜ አንድ ስቶፕ (የብርሃኑን ግማሽ) ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ኤፍ 1.8 ወይም ኤፍ 1.4 የሆነ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋል። ሌንሱ የአፐርቸር ቀለበት ያለው የቆየ ዓይነት ይሁን፤ አፐርቸራቸው በካሜራው ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ሌንሶች እዚህ አያገለግሉም። ምስሉም ተገልብጦ ስለሚመጣ ሞኒተሩን መገልበጥ ግድ ነው።

ቪዲዮ ካሜራውም ሌንሱም ለሌለው ገዢ ግን ያገለገለ ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር ዲጂታል የፎቶ ካሜራ) ይሻለዋል። በ2008 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ያለ መስታወትና ያለ ቅንጣት ያንኑ ምስል ይሰጣል። በአንጻሩ በአንድ ጊዜ የሚቀርጸው 12 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ የኤክስኤልአር (የባለሙያ) ማይክሮፎን መሰኪያም የለውም፤ ረጅም ቃለ መጠይቅ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

አዳፕተሩን ለመሥራት የወሰነ ሰው በቆመው ዓይነት ቢጀምር ይመረጣል። ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ መስታወቱ ያለውን ርቀት፣ ለኒኮን ሌንስ 46.5 ሚሊ ሜትር፣ በትክክል ከጠበቀና በመስታወቱ ዙሪያ ጥቂት ክፍተት ከተወ፣ የንዝረቱን ሞተር በኋላ በዚያው ቱቦ ላይ መጨመር ይችላል።