በሲጋራ ጫፍ ላይ የሚሰኩ ማጣሪያዎች፦ የትኛው ምን ይይዛል?

ታላቅ ወንድሜ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አንዲት ስቱዲዮ ውስጥ ከባለቤቱና ከሕፃን ልጁ ጋር ይኖራል። በቀን አንድ ፓኮ ያጨሳል። ጠዋት ደረጃውን ሲወርድ ሳሉ ከእሱ ቀድሞ ታች ይሰማል። ማቆም ሲያቅተው ሳይ፣ በሲጋራው ጫፍ ላይ የሚሰኩ ማጣሪያዎችን እየገዛሁ ወሰድኩለት። እሱ አጨሰባቸው፤ እኔ ደግሞ ያገለገሉትን ሰንጥቄ ውስጣቸውን አየሁ። ለሚወዱት ሰው ለመግዛት ለሚያስቡ ይጠቅማል ብዬ ያየሁትንና የተረዳሁትን እጽፋለሁ።

ብዙ ሰው የሚገዛው ትንሿን የፕላስቲክ ማጣሪያ ነው። ውስጧ ጢሱን በጣም በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ያስገድደዋል። ጢሱ ሲጠብበት ይፈጥናል፤ ከቀዳዳው እንደወጣ ደግሞ ድንገት መታጠፍ አለበት። በፍጥነት በሚታጠፍ አውቶቡስ ውስጥ የቆመ ተሳፋሪ ወደ ጎን እንደሚጣል ሁሉ፣ ከበድ ያሉት የታር (በጢሱ ውስጥ ያለው የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር) ጠብታዎች መታጠፍ አቅቷቸው ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። ከአራት ሲጋራ በኋላ ወንድሜ ነቅሎ ሲያሳየኝ ውስጧ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይመስል ነበር። «እየው፣ ይህ ሁሉ እኮ ሳንባዬ ሊገባ ነበር!» አለኝ ፊቱ በርቶ።

እኔን ያሳሰበኝ ያ ደስታው ነው። የጀበና ውታፍ አተላውን ይይዛል እንጂ ቡናውን አያቀለውም። ይህችም ማጣሪያ የምትይዘው ጠብታውን ነው፤ ጋዙ እንዳለ ያልፋል። ከጋዞቹ አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በር ተዘግቶ ከሰል ሲነድ በተኙበት ሰው የሚገድለው ያው ራሱ። መጠኑ ከዚያ ቢያንስም በየሲጋራው ደም ውስጥ እየገባ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ልብንም ያደክማል። ቀለም ስለሌለው ማንም ማጣሪያ ላይ ተለጥፎ አይታይም።

ሁለተኛው ዓይነት ከሰል ያለበት ነው። በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀው ከሰል እንደ አክሮሊን ያሉ ጉሮሮ የሚከነክኑ ጋዞችን በከፊል ይይዛል። በዚህ ከፕላስቲኩ ይሻላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን እሱም አይዝም። ደግሞም ጢሱ ስለሚለሰልስ አጫሹ ጠልቆ ይስባል። ወንድሜ «ይህ ጥሩ ነው፣ አይከነክንም» ያለኝ ዕለት ከወትሮው ሁለት ሲጋራ ጨምሮ ነበር።

ውኃ የሚሞላበትን አልመክርም። ወንድሜ ቀና ብሎ ሲስብ ቡናማው ውኃ አፉ ውስጥ ገባ፤ ዳግመኛ አልነካውም።

አራተኛው በጎኑ ቀዳዳዎች ያሉት ነው። ንጹሕ አየር እያስገባ ጢሱን ያቀጥነዋል። አብዛኛውን ጊዜ በደረጃ የተዘጋጀ ስብስብ ሆኖ ይሸጣል፤ የመጀመሪያው ጥቂት አየር፣ የመጨረሻው ብዙ አየር ያስገባል። ሐሳቡ ኒኮቲንን ቀስ በቀስ ቀንሶ ወደ ማቆም መድረስ ነው። ችግሩ ሰውነት የለመደውን ኒኮቲን ስለሚፈልግ አጫሹ ሳያውቀው አጥብቆ ይስባል፤ ወይም ቀዳዳዎቹን በጣቱና በከንፈሩ ይደፍናል። «ላይት» ይባሉ የነበሩት ሲጋራዎች የተሠሩት በዚሁ ዘዴ ነበር፤ አጫሹን ከካንሰር አላዳኑትም።

ስለዚህ ማሸጊያው ላይ «ይህን ያህል በመቶ ታር ያስቀራል» የሚል ስታነቡ አትቸኩሉ። እንዲህ ያለው ልኬት የሚወሰደው በማሽን ነው። በተለመደው መለኪያ ማሽኑ በየደቂቃው አንድ ጊዜ፣ ለ2 ሰከንድ፣ 35 ሚሊ ሊትር ብቻ ይስባል። ማሽን ሱስ የለበትም፤ ሲቀንሱበት አይጨምርም። ከምን እንደተሠራም ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1956 ኬንት የተባለው የአሜሪካ ሲጋራ ጤና ይጠብቃል ተብሎ በተሸጠው ማጣሪያው ውስጥ አስቤስቶስ ነበረበት። አስቤስቶስ ራሱ ካንሰር ያመጣል።

ይህን ሁሉ አውቃችሁ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ውፍረቱን እዩ። መደበኛ ሲጋራ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ቀጭኑ ከዚያ በጣም ያንሳል፤ የአንዱ ማጣሪያ ለሌላው አይሆንም። ሳይለኩስ ይሰካውና የሚለኮሰውን የሲጋራ ጫፍ በጣቱ ደፍኖ ይሳብ። አየር ከገባ በዙሪያው ያሾልካል፤ ተዉት። (በጎኑ ቀዳዳ ያለው ላይ ይህ ሙከራ አይሠራም።) ዋጋውንም በፓኬቱ ሳይሆን በሲጋራ አስሉ፦ 30 ማጣሪያ በ300 ብር ቢሸጥና አንዱ ለአራት ሲጋራ ቢያገለግል፣ ለእያንዳንዱ ሲጋራ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ጨመራችሁ ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ለሚያጨስ ሰው ደግሞ ከአራቱ አንዱም ለቤተሰቡ አይጠቅምም። ከሚነደው ጫፍ የሚነሣው ጢስ በማጣሪያ አያልፍም፤ በቀጥታ ወደ ሕፃኑ ይሄዳል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ካፌና ቢሮ ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። በስቱዲዮዋ ግን ከልካዩ ወንድሜ ራሱ ነው፤ ከስንት ክርክር በኋላ አሁን ወደ ግቢ እየወረደ ያጨሳል። ከማጣሪያዎቹ ሁሉ ይልቅ ለልጁ የጠቀመው ይህ ነው።

የእኔ ምርጫ አራተኛው ነው፤ ያውም የማቆሚያ ቀን ለቆረጠ ሰው ብቻ። የየዕለቱን ሲጋራ እየቆጠረ ይጻፍ፤ ቁጥሩ ካደገ ማጣሪያው እየጎዳው ነው። ቀን ላልቆረጠ ሰው ግን አንዱንም አልገዛም፤ ገንዘቡን ይዤ አብሬው ወደ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ወንድሜ ቀን ቆርጧል፤ አሁን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው።

ያገለገለውን ማጣሪያ ደግሞ መስኮት ላይ አትተዉት። የተጠራቀመው ታር ኒኮቲን አለበት፤ ሕፃን አፉ ውስጥ ቢከተው ይመርዘዋል። በወረቀት ጠቅልላችሁ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉት።