ደብረ ብርሃን ላላችሁ፦ ሁለቱን 3050 ግራፊክስ ካርድ ለይቶ ላሳየኝ ባለሙያ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ለመጠቆምም ጭምር። ጠባሴ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ያለው ልጅ አለ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። «ጋሼ፣ ስሜ ከወጣ ዘመድ ሁሉ ላፕቶፑን ተሸክሞ በነጻ ሥራልኝ ይለኛል» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ ዘመድ እንዲያ ነው። ስለዚህ የሠራውን ብቻ ልንገራችሁ።

እኔ የቤት ፕላንና 3ዲ ነው የምሠራው። ከተማው እየሰፋ ስለሆነ ሥራ አይጠፋም፤ ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢትም ይመጡልኛል። የዛሬ ደንበኛ ደግሞ በፕላን ብቻ አይለቅም። መሠረቱ ሳይቆፈር የጠዋት ፀሐይ ሳሎኑ ውስጥ ስትገባ ማየት ይፈልጋል። ያንን የማወጣው ብሌንደር በሚባል የ3ዲ ፕሮግራም ነው። ያለችኝ ግን ያገለገለች የቢሮ ዴል ታወር ናት፣ ግራፊክስ ካርድ (የምስሉን ስሌት ከፕሮሰሰሩ የሚረከብ ካርድ) የሌላት። በፕሮሰሰር ብቻ ሬንደር ማድረግ (3ዲውን ወደ ምስል መለወጥ) ማለት ማታ ለቆ መተኛት ነው። ያውም መብራት ካልሄደ።

ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3050 የሚባለውን ካርድ ለመግዛት ሳጠያይቅ ባለ 8 ጊጋ ሜሞሪና ባለ 6 ጊጋ የሚባል አለ። አንድ ሻጭ፣ ማን እንደሆነ ይቅር፣ «ያው ናቸው፤ ልዩነታቸው 2 ጊጋ ነው፤ እንዲያውም ባለ 6ቱ አዲስ ነው» አለኝ። ዋጋውንም ከባለ 8ቱ ጋር እኩል ሊያደርገው ምንም አልቀረው።

ልጁ ጋ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ብር አይደለም። «ምን ይሠሩበታል? ኮምፒውተሩንስ አላመጡትም?» ነው ያለኝ። አመጣሁለት። ከዚያ አንድ ደረሰኝ ገልብጦ ጀርባው ላይ እስክሪብቶውን ይዞ ያሰላልኝ ጀመር።

ባለ 8 ጊጋው በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። 2560 ኩዳ ኮር (ስሌቱን የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎች) አለው። ባለ 6 ጊጋው የካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ኮሩ ወደ 2304 ወርዷል፤ ፍጥነቱም ተቀንሷል። እኔ እዚህ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ዋናው ኮሩ አይደለም» አለና ወደ ሜሞሪው ሄደ። ባለ 8ቱ ላይ ባለ 2 ጊጋ ቺፖች አራት ናቸው፤ ባለ 6ቱ ላይ ሦስት። እያንዳንዱ ቺፕ የራሱ 32 ቢት መስመር አለው። አራቱ 128 ቢት ይሆናሉ፣ ሦስቱ 96። አንዱን ቺፕ ስታነሳ 2 ጊጋ ብቻ ሳይሆን አንድ መስመርም አብሮ ይሄዳል። አራት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፍ የነበረ መንገድ ሦስት ብቻ ሲያሳልፍ ማለት ነው። 14ቱ የሜሞሪው ፍጥነት ነው፣ በአንድ ቢት መስመር በሴኮንድ 14 ጊጋቢት፤ ለ8 የሚካፈለው 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ነው። ሒሳቡን ቁልጭ አድርጎ ጻፈው፦ 14 ሲባዛ በ128፣ ሲካፈል ለ8፣ 224። ከሥሩ ደግሞ፦ 14 ሲባዛ በ96፣ ሲካፈል ለ8፣ 168። በሴኮንድ የሚያልፈው ጊጋባይት ይኸው ነው። ያችን ወረቀት እስካሁን አልጣልኳትም።

በጌም ሲለካ ባለ 6ቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ወደኋላ ይቀራል አለኝ። ለጌም የሚፈልግ ልጅ ካላችሁ እንግዲህ ይህን ያዙ። «አዲስ ነው» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ምንም አይሠራም።

እስከዚህ ድረስ ስሰማ ባለ 8ቱን ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ነበር። መደርደሪያው ላይም አለው። እሱ ግን የታወሬን ክዳን ከፍቶ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ በስልኩ መብራት አሳየኝ፤ 240 ዋት። ለካርድ የሚሆን ትርፍ ገመድ የላትም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ ደግሞ ቢበዛ 75 ዋት ነው የሚሰጠው። ባለ 8ቱ 130 ዋት ይበላል፤ ኤንቪዲያ ራሱ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይኑራችሁ ይላል። ባለ 6ቱ 70 ዋት ነው። አብዛኛው ያለ ተጨማሪ ገመድ፣ እዚያው ማስገቢያው ላይ ሰክተኸው ይሠራል። ፓወር ሰፕላዩን እንቀይረው እንዳልል፣ የእኔ ዴል ሶኬቷ የራሷ ዓይነት ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ተራው ያለ አዳፕተር አይገባላትም። ጣጣው ብዙ ነው።

«ጋሼ፣ ለዚህች ኮምፒውተር ባለ 6ቱ ይበቃል። ወደፊት አዲስ ታወር ሲገጥሙ ያኔ ትልቁን ያስቡ» አለኝ። ባለ 6ቱን እሱ አልነበረውም። ከሌላ ሱቅ አስመጥቶ ነው የገጠመልኝ። ካርድም፣ ፓወር ሰፕላይም፣ አዳፕተርም ሊሸጥልኝ ሲችል!

ገጥሞም አልተወኝም። ጂፒዩ ዚ የምትባለውን፣ የካርዱን ማንነት የምታሳይ ነጻ ፕሮግራም ከፍቶ 2304 እና 96 ቢት የሚለውን በዓይኔ አሳየኝ። እሽጉ ላይ የተጻፈውን ማንም ይጽፋል፤ በሌላ ካርድ ላይ የውሸት ስም የሚጭኑም አሉ። ከዚያ ግድግዳው ሶኬት ላይ ዋት መለኪያ ሰክቶ ካርዱንም ፕሮሰሰሩንም አንድ ላይ አስጨነቃቸው። 200 ዋት አልደረሰም። 240 ጠበብ እንደምትል አልደበቀኝም፤ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ምናምን እንዳልጨምር አስጠነቀቀኝ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። «የደብረ ብርሃን ብርድ እያለ ፋን ምን ያደርጋል» ስለው ራሱን ነቀነቀ። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ብርዱ ይክሰዋል፤ አቧራውን ግን ብርድ አይጠርገውም። ብሎም ካንዱ ጥግ ብሩሹን አንስቶ የፕሮሰሰሩን ፋን ጠረገልኝ። አላስከፈለኝም።

ሁለቱም ካርዶች ሬይ ትሬሲንግ ኮር (የብርሃኑን ጉዞ የሚያሰላ ክፍል) ስላላቸው ብሌንደር ውስጥ በእሱ የሚያሠራውን፣ ኦፕቲክስ የሚለውን ምርጫ መርጦ ሰጠኝ። በፊት ሌሊቱን የሚወስደው ሳሎን አሁን እራት በልቼ ስመለስ አልቆ ይጠብቀኛል። 6 ጊጋው የሚጠበው ግቢው በዛፍ ሲሞላ ነው። ለእሱም መላ አለው፦ ዛፉን በተራ ኮፒ አታባዛ፣ ኪቦርዱ ላይ አልትና ዲ አንድ ላይ ተጫን። ያኔ ሁሉም ዛፎች አንዱን ሞዴል ይጋራሉ፣ ሜሞሪው አይሞላም። የግድግዳና የወለል ምስሎችን ደግሞ ጥራታቸውን ከ4ኬ ወደ 2ኬ አውርዳቸው። ደንበኛ ልዩነቱን አያየውም፤ እኔም አላየሁትም።

ወንድሜ፣ ይመችህ፤ እጅህ ይባረክ።

እሱ ጋ መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን አሳያችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛበታል፤ ጠዋት ይሻላል። ካርድ ልትገዙ ከሆነ ታወራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሳያየው ዋጋ አይነግራችሁም።