ለሎሚ ሊከር የሚሆን አልኮል፦ ከጅማ ግሮሰሪ የቱ ይገዛ?

ጅማ ላይ የሎሚ ሊከር (የሎሚ ልጣጭ በአልኮል ተዘፍዝፎ፣ ስኳርና ውሃ ገብቶበት የሚሠራ ጣፋጭ መጠጥ) ለመሥራት ሎሚው አያስቸግርም። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ የወጣ ሰው ደህና ሎሚ አጥቶ አይመለስም። የሚያስቸግረው አልኮሉ ነው። ጣሊያኖች ሊሞንቼሎ የሚሉትን የሎሚ ሊከራቸውን የሚሠሩበት 95 እና 96 በመቶ የምግብ አልኮል እነሱ ዘንድ ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ይነሣል። እኛ ጋ ግሮሰሪ ገብቶ የሚገኘው ቮድካ፣ ጂን፣ ኡዞና ኮኛክ ነው፤ ከመንደር ደግሞ ካቲካላ። ስለዚህ የጣሊያኑን አሠራር እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። የተለመደው ልክ ለአንድ ሊትር አልኮል አንድ ሊትር ውሃና 700 ግራም ስኳር ነው። ያው ልክ በ40 በመቶ ቮድካ ላይ ከዋለ የሚወጣው መጠጥ ከ16 እስከ 17 በመቶ ብቻ ይይዛል፤ ጣዕሙ ይቀጥናል፣ ፍሪዘር ሲገባም በረዶ ይይዛል።

ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ባሉ ግሮሰሪዎች የሚደረደሩትን ዓይነቶች እዚህ የምንመዝናቸው ለዚህች አንድ ሥራ ብቻ ነው። ለብቻው ሲጠጣ የሚወደድ መጠጥ ለሎሚ ላይሆን ይችላል።

ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው ቮድካ ነው። ቀለም የለውም፣ የራሱ ሽታ እምብዛም ነው፣ የአልኮል መጠኑም ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ውዱን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ውድ ቮድካ የሚከፈልበት ልስላሴ 200 ግራም ስኳር ሲገባበት አይታወቅም። ይልቅ ያንን ገንዘብ ሎሚ ላይ አውሉት። ጠርሙሱ ላይ 40 ወይም ከዚያ በላይ የሚለውን ፈልጉ፤ 37.5 የሚለውም ይሠራል፣ ግን የልጣጩን ሽታ ለማውጣት ይዘገያል። ርካሽ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። የሀገር ውስጥ አልኮል በአብዛኛው የሚወጣው ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ስለሆነ በደንብ ካልተጣራ ሽታው ይከተላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቮድካና አንድ ማንኪያ ውሃ በትንሽ ብርጭቆ ቀላቅሉ፣ በስኒ ማስቀመጫ ክደኑት፣ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ክዳኑን እያነሣችሁ አሽትቱ። ያልቀጠነ አልኮል አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ጉድለቱን ይሸሽጋል፤ ውሃ ሲገባ ይጋለጣል። የአኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ)፣ የተቃጠለ ስኳር ወይም የእርሾ ሽታ ከመጣ ያ ጠርሙስ ለሌላ ነገር ይሁን፤ ሎሚ አይሸፍነውም። ክዳኑ የተነካካ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም የአልኮል መጠን ያልተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ሳይከፈት ይመለስ።

ጂን ሁለተኛ ነው። የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ጂንን ጨምሮ በየግሮሰሪው አለ፣ ቮድካ ሲጠፋም ጂን አይጠፋም። የጥድ ፍሬ ሽታው ከሎሚ ጋር አይጣላም፤ እንዲያውም ብዙ ጂኖች ሲሠሩ የሎሚ ወይም የብርቱካን ልጣጭ ይገባባቸዋል። ብቻ የሚወጣው የሎሚ ሊከር ሳይሆን የሎሚ ጂን መሆኑን አውቃችሁ ግቡበት። ጥዱን ለመግፋት ልጣጩን በሩብ ያህል ጨምሩ።

ኡዞ አይሆንም። የአኒስ ዘይቱ ሎሚውን ይውጠዋል፣ ምንም ያህል ልጣጭ ቢጨመር አይወጣም። ኮኛክም እንዲሁ፤ ቀለሙ ቢጫውን ያጠፋል፣ ጣዕሙም ከረሜላ ይሆናል።

ካቲካላ ላይ ክርክር አለ። «ሀገርኛው እያለ ለምን ጠርሙስ ይገዛል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱ ግን አይሆንም ነው፤ ምክንያቱም ሦስት ነው። አንደኛ፣ የጌሾውና የጭሱ ሽታ ከልጣጩ ይበረታል፣ ስኳር ሲገባ ደግሞ ይበልጥ ይጎላል። ሁለተኛ፣ ጉልበቱ አይታወቅም፤ የዛሬው ጀሪካን ከባለፈው ሳምንቱ በብዙ ሊለይ ይችላል፣ መጠኑ ያልታወቀ አልኮል ላይ ደግሞ የስኳርና የውሃውን ሽሮፕ መለካት አይቻልም። ሦስተኛ፣ አረቄው ሲወጣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውና መጠጣት የሌለበት ተለይቶ መፍሰሱን ከሻጩ ቃል ሌላ የሚያረጋግጥ የለም። ዳግም አረቄ ከተራው ይሻላል፣ ጉልበትም አለው፤ ቢሆንም ሽታው አይለቀውም። ካቲካላ የግድ ከሆነ ከኮረሪማና ከማር ጋር ይዋሐዳል፤ ለሎሚ ግን አታባክኑት።

96 በመቶ ንጹሕ አልኮል ሁሉንም ይበልጣል፣ የታሸገና ለመጠጥ የተዘጋጀ መሆኑ የተጻፈበት ከሆነ ብቻ። የሎሚ ሽታ ያለው በልጣጩ ዘይት ውስጥ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ውሃን ይሸሻል፣ አልኮል ውስጥ ይሟሟል። አልኮሉ በበረታ ቁጥር ዘይቱ ፈጥኖና ሙሉ ሆኖ ይወጣል። በችርቻሮ ማግኘቱ ግን ቀላል አይደለም፣ አደጋውም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሲያጣ ወደ ፋርማሲ ይዞራል።

የፋርማሲ አልኮል፣ ሳኒታይዘር፣ የላቦራቶሪ ኤታኖል፣ ለነዳጅ የሚሆን ኤታኖል፣ አንዳቸውም ለመጠጥ አይደሉም። የቁስል ማጽጃውና ዲናቸር የሚባለው ሰው እንዳይጠጣው ሆን ተብሎ ሜታኖል ወይም ሌላ ነገር ሊገባበት ይችላል። ሳኒታይዘር ግሊሰሪንና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይኖረዋል። 99.9 በመቶ የሚለው የላቦራቶሪ ኤታኖል ውሃው የሚወገድበት ኬሚካል ርዝራዥ ሊይዝ ይችላል። እንደ ፊንጫና መተሐራ ያሉ የስኳር ፋብሪካዎች ለነዳጅ ያመረቱት ኤታኖል ደግሞ ከቤንዚን ጋር ሊቀላቀል የታሰበ ነው። ሜታኖል በሽታም በጣዕምም አይለይም፣ በጨርቅ አይጣራም፣ በከሰል አይወጣም፣ ሎሚም አያረክሰውም፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ክብሪት ጭሮ ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ ንጹሕ ነው የሚለው ሙከራም ዋጋ የለውም፤ የመጠጡ አልኮል ኤታኖልም መርዙ ሜታኖልም በሰማያዊ ይነዳሉ። የአልኮል መለኪያ ብልቃጥም ክብደትን እንጂ ዓይነትን አይለይም።

አሁን ወደ ልኩ። ለአንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቮድካ ወይም ጂን በ40 በመቶ፦ ከ60 እስከ 70 ግራም ልጣጭ፣ 200 ግራም ስኳር፣ 125 ሚሊ ሊትር ውሃ። ሲጠናቀቅ አንድ ሊትር ገደማ ይሆናል፣ 30 በመቶ አካባቢ ይይዛል። ውሃው ያነሰ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ቮድካው ውስጥ ራሱ 60 በመቶ ውሃ አለ። ለአንድ ሊትር 96 በመቶ ደግሞ 200 ግራም ልጣጭ፣ 650 ግራም ስኳር፣ 1.8 ሊትር ውሃ፤ 3.2 ሊትር ገደማ ይወጣል፣ ጉልበቱ ያው 30 ነው። የ96ቱ አንድ ሊትር ብዙ መጠጥ እንደሚያወጣ አስቡ፤ ዋጋ ስታወዳድሩ በጠርሙስ ሳይሆን በሚወጣው ሊትር አስሉ።

በስኳሩ ፈንታ የጅማ ዞን ነጭ ማር ማድረግ የሚያምረው ሰው አለ። 250 ግራም ማር አስገቡና ውሃውን ወደ 75 ሚሊ ሊትር አውርዱት፣ ማሩ የራሱ ውሃ አለውና። ጣዕሙ ግን የሎሚ መሆኑ ይቀንሳል፣ ከታች ዝቃጭም ይተኛል። ለእኛ ስኳሩ ይሻላል።

የኛ ሎሚ ትንሽና ቆዳው ስስ ነው፤ ለአንድ ጠርሙስ ከ15 እስከ 20 ፍሬ ይፈልጋል። ትልልቁና ቆዳው ወፈር ያለው ከተገኘ ከ6 እስከ 8 ይበቃል። ገበያ ላይ ቆዳውን በጥፍር ጫር አድርጋችሁ አሽትቱ፤ ጣት ላይ ዘይት የማይተው ሎሚ ጭማቂው ቢበዛም ለዚህ አይረባም። ወደ ቢጫ መለወጥ የጀመረው ይመረጣል። በለብታ ውሃና በብሩሽ እጠቡ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቁ።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት አላላጡ ላይ ነው። የሚፈለገው ቢጫው ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ይመርራል፣ ምሬቱም በኋላ በስኳር አይነሣም። ወፍራሙ ሎሚ በድንች መላጫ ይሄዳል። ስሱን በቢላ ከሞከራችሁት ሥጋው ድረስ ትገባላችሁ፤ በመፈቅፈቂያው ጥቃቅን ጥርስ በኩል፣ ሳትጫኑ፣ አንዱን ቦታ አንዴ ብቻ ፈቅፍቁ። ነጭ ሲታይ ሎሚውን አዙሩት። የተላጠው ሎሚ ቶሎ ይደርቃል፤ በዚያው ቀን ይጨመቅ፣ ወይም ዶሮ ማጠቢያ ይሁን። ጭማቂውን ሊከሩ ውስጥ አታግቡ፤ ያደፈርሰዋል፣ ሲቆይም የተቀቀለ ሎሚ ጣዕም ያመጣል።

ልጣጩና አልኮሉ አፉ ሰፊ በሆነ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይግቡ፣ ክዳኑ ይጥበቅ፣ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ፕላስቲክ አይሁን፤ የሎሚ ዘይት አንዳንድ ፕላስቲክና ጎማ ያሟሟል። 96 በመቶ ከሆነ ከ4 እስከ 7 ቀን ይበቃዋል፣ 40 ከሆነ ሦስት ሳምንት። የተፈቀፈቀ ልጣጭ በግማሹ ጊዜ ይደርሳል። ከቀን ይልቅ ልጣጩን እዩ፤ ቀለሙ ለቆ ሲገረጣ፣ በ96ቱ ደግሞ አንዱን አውጥታችሁ ስታጥፉት እንደ ደረቅ ቅጠል ቀጭ ሲል አልቋል። በ40 በመቶ ቀጭ አይልም፣ አትጠብቁት። ከወር በላይ ማቆየት ትርፍ የለውም፤ አልኮሉ ውስጥ ያለው ውሃ መራራውን መሳብ ይቀጥላል።

ሽሮፑን አታፍሉት፤ ስኳሩ እስኪሟሟ ማሞቅ ይበቃል፣ ከፈላ ውሃው ተንኖ ልኩ ይዛባል። ውሃው ቀድሞ የፈላና የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ይሁን፤ የክሎሪን ሽታ በኋላ ይታወቃል። ሽሮፑ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አይጨመር። 96 በመቶ የሚገለበጥበት ክፍል ውስጥ ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማ አይኑር፤ በክፍሉ ሙቀት ብቻ የሚነሣው ትነት እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። ቡና የሚፈላ ከሆነ ይህ ሥራ ለሌላ ሰዓት ይቆይ።

ሽሮፑ ሲገባ በ96 በመቶ የወጣው ወዲያው ወተት መሰል ይሆናል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ዘይቱ ውሃ ሲያገኝ በጥቃቅን ነጠብጣብ መበተኑ ነው፣ በቂ ዘይት መውጣቱንም ያሳያል። በቮድካ የተሠራው ጠራ ብሎ ሊቀር ይችላል፣ እሱም ደህና ነው። የሚያሳስበው ጠርሙሱ አንገት ላይ የዘይት ቀለበት ሲንሳፈፍ ነው፤ ያኔ አልኮሉ ለዘይቱ አንሷልና 50 ሚሊ ሊትር አልኮል ጨምራችሁ ነቅንቁት። ከስኳር በኋላ በመለኪያ ብልቃጥ ጉልበቱን ለማንበብ አትድከሙ፣ ስኳሩ ንባቡን ያበላሸዋል።

ማጣራቱ የትዕግሥት ነው። የቡና ማሽን የወረቀት ማጣሪያ ጥሩ ነበር፤ ጀበና በነገሠበት ከተማ ግን እሱን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በሙቅ ውሃ ብቻ የታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሦስት እጥፍ ተደርጎ ይተካዋል። ሳሙና ወይም በረኪና የሸተተ ጨርቅ አይነካው፣ ልጣጩንም አትጭመቁት።

ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይረፍ፤ በመጀመሪያው ቀን የሚያቃጥለው በኋላ ይለሰልሳል። 30 በመቶ ያለው በቤት ፍሪዘር አይረጋም፣ መብራት ቢጠፋም አይበላሽም። ፀሐይ የሚያየው መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ግን ቢጫው ይገረጣል፣ ዘይቱም ከአየር ጋር እየተገናኘ ወደ አኳራጅ ሽታ ይሄዳል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ጠርሙስ ምረጡ፣ እስከ አንገቱ ሙሉት፣ በዓመት ውስጥ ጨርሱት።